ስለ ቻይና የጥበብ ዕቅድና በዕቅዱ ላይ ስላልተጻፈው ነገር

እኛ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ክቡር ከበደ ሚካኤል የጻፉት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚባለው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጠርዙ አልቆ ገጹ ተበጣጥሶ ነበር። ያነበበውም ያላነበበውም ርእሱን እንደ ጥያቄ አድርጎ በአፉ ይዞት ይዞር ነበር። ዛሬ ደግሞ ወጣቶቻችን ያንኑ ጥያቄ አንሥተው የአገሩን ስም ብቻ በመለወጥ «ቻይና እንደምን ሠለጠነች?» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው። የሚሰጡት መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ነው። አንደኛው ወገን «ከሌላው ሰርቃ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ክርክር የማያውቅ ቈራጥ መንግሥት ስላላት ነው፤ አንዱ ያዝዛል፥ ሌላው ይሠራል» ይላል። የመጀመሪያው መልስ ከቅናት የተወለደ ስለሆነ ሰው ቶሎ ይነቃበታል። ሁለተኛው ግን የሚነገረው በአድናቆት ነውና፥ ይልቁንም ለእናንተ ለወጣቶቹ፥ የበለጠ አሳሳች እርሱ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልተቸው የተነሣሁት ይህንን ሁለተኛውን መልስ ነው። ማስረጃዬንም የማመጣው ከጠላቶቿ ወሬ ሳይሆን ከቻይና ከራሷ ሊቃውንት ታሪክ ነው። ዘመኑን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በግንቦት 2015 የቻይና መንግሥት «በቻይና የተሠራ 2025» የሚባል ታላቅ ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አድርጎ ለሚመረምረው ሰው ብዙ የሚመሰገን ነገር አለበት። ጸሐፊዎቹ ድካማቸውን አልደበቁም፤ ፋብሪካችን ትልቅ ነው እንጂ ብርቱ አይደለም የሚል አሳብ ገና ከመጀመሪያው አስቀምጠዋል። ቀጥለውም ዐሥር ዐይነት ሙያዎችን ለይተው ይቈጥራሉ፤ ቺፕና የመገናኛ መሣሪያ፥ ሮቦት፥ አውሮፕላንና መንኮራኵር፥ መርከብ፥ ባቡር፥ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና፥ የእርሻ መሣሪያና ሌላውም አለበት። ለማናቸውም መሣሪያ ልብ የሚሆኑትን ክፍሎች እስከ 2020 ድረስ ከመቶ አርባውን፥ እስከ 2025 ድረስ ከመቶ ሰባውን በአገር ውስጥ እንሠራለን ይላል። ውጪ አገሮች ይህን ባነበቡ ጊዜ ስለ ደነገጡ፥ ከ2019 ጀምሮ የቻይና ሹማምንት የዕቅዱን ስም በአደባባይ መጥራት ትተዋል። ሥራውን ግን አልተዉትም።

ሥራውም በብዙ በኩል ሠምሯል። ዛሬ በዓለም ከሚሠሩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚሠሩት እዚያ ነው። ፈጣን ባቡር የሚሄድበት ሐዲዳቸው ከ40,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። በሰኔ 2024 ቻንግዓ 6 የተባለችው መንኮራኵራቸው ከጨረቃ የጀርባ ወገን 1,935.3 ግራም አፈርና ድንጋይ ይዛ ተመልሳለች፤ ከዚያ ወገን አፈር ያመጣ ሕዝብ ከዚያ በፊት አልነበረም። «ሰርቀው ነው» ለሚለው ሰው የማቀርብለት ጥያቄ ይህ ነው፤ ከጨረቃ ጀርባ ማንም ያላመጣው አፈር ከማን ቤት ይሰረቃል?

እንግዲህ ዕቅዱ ምን ጎደለው? ዕቅዱ ስንት መሣሪያ እንደሚሠራ ይቈጥራል፤ ነገር ግን «ይህ መሣሪያ አይሠራም» ብሎ የሚናገረው ሰው ምን እንደሚሆን የተጻፈ ነገር የለበትም። ይህ ጉድለት ከንቱ ነቀፌታ እንዳይመስላችሁ ቀደም ብሎ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በ2003 በሻንጋይ በሚገኝ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ከአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ ሊቅ «ሀንሺን» የተባለ ቺፕ ሠራሁ ብሎ አስታወቀ። ቺፕ ማለት የጣት ጥፍር የምታህል፥ በላይዋ ግን ለቍጥር የሚያታክቱ የኤሌክትሪክ መንገዶች የተቀረጹባት ስስ የሲሊኮን ገበታ ናት፤ ስልኩም፥ አውሮፕላኑም፥ ሚሳይሉም የሚያስበው በእርስዋ ነው። ቻይና ይህችን ነገር በራሷ እጅ ለመሥራት አጥብቃ ትመኝ ስለ ነበረ፥ ሰውየው በአንድ ቀን የአገር ኩራት ሆነ፤ ገንዘብ ጎረፈለት፤ ሹመት ተጨመረለት። በ2006 ግን ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው ነገሩን ጽፎ በአደባባይ አወጣው፤ መንግሥቱም መርምሮ ማታለል መሆኑን አረጋገጠ። ለምርቃቱ የቀረበው ቺፕ የአሜሪካው የሞቶሮላ ኩባንያ ሥራ ሆኖ፥ የኩባንያው ስም ተፍቆ በላዩ «ሀንሺን» የሚል የተጻፈበት ነበር። ሰውየውም ከሥራው ተባረረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ ጠራ፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ፈጀ።

ሠላሳ አምስት ዓመት በጥቍር ሰሌዳ ፊት ስቆም ከጎረቤቱ የሚቀዳ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። እኔን በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ የሚሲዮን መምህር መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ያልታየበትን ወረቀት ዜሮ፥ መንገዱ ታይቶ መልሱ የተሳሳተውን ወረቀት ግን ግማሽ ይሰጡት ነበር። ያን ጊዜ ግፍ መስሎን አልቅሰናል። ኋላ መምህር ስሆን ግን ገባኝ፤ መንገዱን ያሳየ ልጅ ስሕተቱ የት ላይ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ሊነግረው ይችላል። የቀዳውን ልጅ ግን ማንም ሊረዳው አይችልም። በሻንጋይ የሆነውም ይኸው ነው። በዚያ በሚያህል ትልቅ አገር ውስጥ ቺፑን አይቶ የሚያውቀው ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ የጠፋው ያየውን በገዛ ስሙ ሳይፈራ የሚናገርበት ቦታ ነበር። ነገሩ ስም በሌለው ጽሑፍ የወጣው ስለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ልለፍ፤ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ የሁለቱም አገሮች ስሕተት ተጽፎ ይገኛልና።

ቺየን ሹዌሰን በ1911 ተወልደው በ1935 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄዱ። (የትምህርቱ ገንዘብ ራሱ ቻይና ከቦክሰሮች ዐመፅ በኋላ ተሸንፋ ከከፈለችው ካሣ የተመለሰ ነበር፤ ይህን ያህል ውርደት ያለበት ገንዘብ ይህን የመሰለ ፍሬ ማፍራቱ ይደንቀኛል።) በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ከታላቁ መምህር ከቮን ካርማን ሥር ተምረው በ1939 ዶክተር ሆኑ። ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኵር የሚልከውን የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በ1945 ጀርመን በተሸነፈች ጊዜም አሜሪካኖቹ የኮሎኔልነት ማዕርግ አልብሰው የጀርመንን የሮኬት ሊቃውንት ሄደው እንዲጠይቁ ልከዋቸዋል። በ1949 የአሜሪካ ዜጋ ለመሆን አመለከቱ።

በ1950 ግን ዘመኑ የጥርጣሬ ዘመን ስለ ነበረ «ኮሙኒስት ናቸው» ተባሉ። በምስጢር ሥራ ላይ የመሥራት ፈቃዳቸው ተነጠቀ፤ ሁለት ሳምንት ታሰሩ፤ ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ወደ አገራቸውም እንዳይሄዱ በሙያቸውም በሙሉ ልብ እንዳይሠሩ ተይዘው ተቀመጡ። በ1955 በኮሪያ ጦርነት የተያዙትን የአሜሪካ አየር ወታደሮች ለማስለቀቅ ድርድር ሲደረግ እርሳቸው ተለቀቁ፤ ቤተ ሰባቸውን ይዘው በመርከብ ሄዱ። በዓመቱ የቻይና የሮኬት ምርምር ሥራ ሲቋቋም ኀላፊው ሆኑ፤ በሚያዝያ 1970 ቻይና የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሰማይ ስትሰድድ የዚያ ሥራ አባት ተብለው ተጠሩ። በአሜሪካ የባሕር ኀይል መሥሪያ ቤት ታላቅ ሹም የነበሩ አንድ ሰው አገራቸው ከሠራችው ሞኝነት ሁሉ ይህን የሚያህል እንደሌለ ተናግረዋል። ፍርሃት የጠላትን ሮኬት ያስቀራል ተብሎ ታስቦ የሮኬቱን ሠሪ በመርከብ ጭኖ ላከ።

ከዚህ ታሪክ የተማረ ሰው ያለ ይመስላችኋል? በኅዳር 2018 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የቻይናን ስለላ ለመከላከል ብሎ «የቻይና ኢኒሺየቲቭ» የተባለ ዘመቻ ጀመረ። ስለላው የፈጠራ ወሬ አልነበረም፤ እውነት ለመናገር የአውሮፕላን ሞተር ምስጢር ለማውጣት የሞከረ ሹ ያንጁን የተባለ የቻይና የስለላ ሹም በ2021 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ በኋላ ሃያ ዓመት ተፈርዶበታል። ነገር ግን ዘመቻው ከሰላይ ወደ መምህር ተሻገረ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምሩ ጋንግ ቸን የተባሉ የአሜሪካ ዜጋ በጥር 2021 ከቻይና ጋራ የነበራቸውን ግንኙነት በቅጽ ላይ አላስታወቁም ተብለው ተያዙ፤ በዓመቱ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ክሱን አነሣ። ዘመቻውም በየካቲት 2022 በዚያ ስሙ ተዘጋ። ሰውን በሠራው ሥራ ሳይሆን በተወለደበት ዘር የሚጠረጥር ሕግ ሌባውንም አይዝም፤ ደግሞ ታማኙን ያስኰርፋል። ወደ አሜሪካ ለትምህርት የምትሄዱ ልጆች ይህን እወቁ፤ በኢትዮጵያዊ ላይ ያልደረሰ መስሎ ቢታያችሁም የጥርጣሬ ሕግ የአንድ ሕዝብ ስም ብቻ ተጽፎበት አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ የቺየንን ታሪክ የአሜሪካ ስሕተት ምሳሌ አድርገው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹም እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ሚዛኔ የተዛባ ይሆናል።

በ1958 ሊቀ መንበር ማኦ «ታላቁ እመርታ» የተባለውን ዘመቻ አውጀው ገበሬው ሁሉ በማኅበር እንዲያርስ፥ የየክፍሉ ሹምም የምርቱን ብዛት እንዲያስታውቅ ታዝዞ ነበር። ሹማምንቱ እርስ በርሳቸው በውሸት ተሽቀዳደሙ፤ አንዱ ከአንድ ማሳ ዐሥር እጥፍ አገኘሁ ሲል ሌላው ሃያ እጥፍ አለ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ቺየን ሹዌሰን በወጣቶች ጋዜጣ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሰብል ከሚወርድለት የፀሐይ ኀይል ከመቶ ሠላሳውን ሊጠቀምበት ቢችል፥ የአንድ ማሳ ምርት ዛሬ ካለው ብዙ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ አስረዱ። ሒሳቡ እንደ ሒሳብ ስሕተት የለበትም ይሆናል። የተሳሳተው «ቢችል» የምትለዋ ቃል ናት። በምድር ላይ ያለ ስንዴም ሩዝም ያን ያህል የፀሐይ ኀይል አይጠቀምም፤ የሮኬትን እሳት ወርደው ወጥተው የለኩ ሊቅ የአንዲት ቅጠልን ዐቅም ለመለካት ለምን አልቻሉም?

ከ1959 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ውስጥ በቻይና በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ሕዝብ በረኀብ አለቀ። ይህን ያመጣው የእርሳቸው ጽሑፍ ነው አልልም፤ እንዲህ ማለት ግፍ ነው። ረኀቡን ያመጣው በወረቀት ላይ ብቻ የበቀለ እህል በእውነት እንዳለ ተቈጥሮ ከገበሬው ጎተራ መወሰዱ ነው። ግን ገበሬው «ይህ ምርት የለም» ለማለት አቅም ባልነበረው ጊዜ፥ ቃላቸው የሚሰማላቸው ሊቅ «ሊኖር ይችላል» አሉ። የወሎን ረኀብ በልጅነታችን ያየን ሰዎች «ሁሉ ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በዚያን ጊዜ በቻይና ከትእዛዝ ጋራ ለመከራከር የሚደፍር ጥቂት ነበር። ዛሬ ወጣቶቻችን የሚያደንቁት «ክርክር የማያውቅ መንግሥት» በሙሉ ኀይሉ የታየው በእነዚያ ሦስት ዓመታት ነው።

በዚህ አሳቤ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ መቃወሚያውም የወይዘሮ ቱ ዮዮ ሥራ ነው። በ1967 ቻይና በባህል አብዮት ነውጥ ውስጥ ሳለች፥ በቬትናም ጫካ ወታደሮችን የሚፈጀውን ወባ የሚያድን መድኃኒት እንዲፈለግ በምስጢር ታዘዘ። የሥራው ስም «523» ይባል ነበር፤ የተጀመረበትን ወርና ቀን የሚያመለክት ቍጥር ነው። በ1969 ወይዘሮ ቱ ወደዚህ ሥራ ገቡ። የዶክተርነት ማዕርግ አልነበራቸውም፤ በውጪ አገርም አልተማሩም። ከጓደኞቻቸው ጋራ የአባቶቻቸውን የመድኃኒት መጻሕፍት አገላብጠው ወደ ሁለት ሺህ የሚደርስ የመድኃኒት ቅመማ ሰበሰቡ። ከነዚያ መካከል ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ የጻፈው ነበረበት፤ እርሱም ቺንግሃኦ የተባለውን ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ፥ ጨምቆ መጠጣትን ያዝዛል። (ይህ ቅጠል ለበዓል ከምንጎዘጕዘው ከአሪቲ ጋራ የአንድ ወገን ዕፅ ነው።) ወይዘሮ ቱ ይህን ሲያነቡ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሊቁ ዘፍዝፎ አለ እንጂ ቀቅሎ አላለም። ምናልባት እሳት መድኃኒቱን ያጠፋው ይሆናል ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላው በኤተር አወጡት። በጥቅምት 1971 ቍጥሩ 191 የሆነው ናሙና ወባ የያዛቸውን አይጦች ፈጽሞ አዳነ። ለሰው ከመስጠታቸውም በፊት በ1972 እርሳቸውና ሁለት ጓደኞቻቸው በገዛ ሰውነታቸው ቀመሱት።

እንግዲህ «ይኸው በምስጢርና በትእዛዝ የተገኘ ነገር!» የሚለኝ ይኖራል። ትእዛዙ ገንዘቡንና ጊዜውን ሰጥቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መድኃኒቱ የተገኘው ቀደም ሲል በተደረገው ፍተሻ ያ ቅጠል አስተማማኝ ውጤት ካላሳየ በኋላ፥ አንዲት ሴት ውጤቱን እንደ ተሰጣት ሳትቀበል «እንደገና ልየው» ስላለች ነው። አይጡም፥ የገዛ ሰውነታቸውም «አይሆንም» ለማለት ነፃነት የነበራቸው ምስክሮች ነበሩ። ደግሞም በምስጢር ተቈልፎ በነበረበት ጊዜ መድኃኒቱ ለጥቂቶች ብቻ ነበር። የመድኃኒቱ ረቂቅ ቅርፅ በ1977 ታትሞ ለዓለም ከወጣ በኋላ ሌሎች አገሮች ፈተኑት፥ አሻሻሉት፥ ከሌላ መድኃኒት ጋራ አዋሐዱት። በኛም አገር ከ2004 ጀምሮ ለዋናው የወባ ዐይነት የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ከዚያ ቅጠል የተገኘ ነው፤ በቈላ ያስተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል። ወይዘሮ ቱ በ2015 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ በአገራቸው የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የአባልነት ወንበር እንኳ አልነበራቸውም። ዕቅዱ በወጣበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው።

ስለ አገር ደኅንነት የሚነሣውም ክርክር ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና ስጦታ ተሠርቶ በጥር 2012 ተመረቀ። በጥር 2018 የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ በዚያ ሕንፃ ካሉት ኮምፒዩተሮች በየሌሊቱ ጽሑፍ ወደ ሻንጋይ ሲላክ ኖሯል ብሎ ጻፈ። ቻይናም የኅብረቱም አለቆች ነገሩን ሐሰት ነው አሉ። እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ አይደለሁም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ በ2017 የወጣ የቻይና ሕግ ማንኛውም ድርጅትና ዜጋ የመንግሥቱን የስለላ ሥራ እንዲያግዝ ያዝዛል። አንድ ነጋዴ ሐቀኛ ቢሆንም እንኳ መንግሥቱን «እምቢ» ለማለት የማይችል ከሆነ፥ ለገዢው የሚሰጠው መሐላ ባዶ ነው። አሜሪካም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለችም፤ የሁዋዌን ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ሰርስራ ገብታ እንደ ነበር በ2014 የገዛ ጋዜጦቿ ጽፈዋል። ልዩነቱ ይህን የጻፉት የገዛ ጋዜጦቿ መሆናቸው ነው። ደግሞም በ2016 የአንድ ወንጀለኛን ስልክ እንዲከፍት የታዘዘው የአፕል ኩባንያ መንግሥቱን «አልከፍትም» ብሎ በአደባባይ ተከራክሯል።

በጥቅምት 2022 አሜሪካ ረቂቅ የሆኑት ቺፖችና መሥሪያዎቻቸው ለቻይና እንዳይሸጡ ከለከለች። ብዙዎች የቻይና ምኞት እዚህ ላይ ይቆማል አሉ። በጥር 2025 ግን ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን፥ እንደ ሰው ተጠይቆ የሚመልሰውን የኮምፒዩተር ጥበብ ሠርቶ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀው። ዓለም የተደነቀው በብልሃቱ ብቻ አልነበረም፤ ግልጥ አድርጎ ስለ ሰጠው ሌሎች ሊፈትኑት ስለ ቻሉም ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ብልህ ፍጥረት በኩባንያው በኩል በ1989 በቲያንአንመን አደባባይ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፥ ሌላ ነገር እንጫወት ብሎ ያልፋል። ጠንካራውን ሒሳብ የሚፈታ ማሽን ዝም ማለትን ተምሯል። ማሽኑን አልወቅሰውም፤ ዝምታውን የተማረው ከሰው ነው።

የመጨረሻው ምስክሬ ዣንግ ዮንግዤን የተባሉ የሻንጋይ የቫይረስ ሊቅ ናቸው። በጥር 3 ቀን 2020 ዉሃን በተባለው ከተማ ባልታወቀ የሳንባ በሽታ ከታመመ ሰው የተወሰደ ናሙና ደረሳቸው። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ሌሊትና ቀን ሠርተው በጥር 5 ቀን የቫይረሱን የዘረ መል ቅደም ተከተል አወቁ፤ ለመንግሥታቸውም አስታወቁ። ነገር ግን ስለዚህ በሽታ ማንም ያለ ፈቃድ እንዳያትም ታዝዞ ነበር። በጥር 11 ቀን ዣንግ ወደ ቤጂንግ ለመሄድ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፥ በሥራ የሚተባበሯቸው ኤድዋርድ ሆምስ የተባሉ ሊቅ ከአውስትራሊያ ደውለው «አሁን እናውጣው?» ብለው ጠየቋቸው። ዣንግ ጥቂት ጊዜ አሰቡ። ከዚያም ይውጣ አሉ። በዚያው ቀን ዓለም ሁሉ አየው። ሞደርና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሁለት ቀን ውስጥ የክትባቱን ንድፍ ጨረሰ፤ በመጋቢት 16 ቀን የመጀመሪያው ሰው በሙከራ ተከተበ።

ያ ጽሑፍ በወጣ ማግስት፥ በጥር 12 ቀን፥ የዣንግ ላቦራቶሪ «ለማስተካከያ» ተብሎ ተዘጋ።

አንድ ሰው በአውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሰባትን ያችን ጥቂት ጊዜ እኔ ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ሰውየው ዐመፀኛ አልነበሩም፤ አገራቸውን የሚወዱ፥ ደመወዛቸውን ከመንግሥት የሚቀበሉ ሠራተኛ ነበሩ። ከሁዋዌም ከሮኬቱም ይልቅ በዚያ ዓመት ለቻይና ሳይንስ ክብር የሆነው የእርሳቸው «ይውጣ» ማለት ነው፤ ዕቅድም ትእዛዝም አልነበረበትም፤ እንዲያውም ትእዛዙ በተቃራኒው ነበር። በቺየን ሹዌሰን ላይ የምፈርደውን ፍርድ ቀላል እንዳላደርገው የሚያስጠነቅቀኝም ይህ ነው። ሁለቱም ሊቃውንት ነበሩ፤ ሁለቱም የሚያጡት ነገር ነበራቸው፤ እኔም በነርሱ ቦታ ብሆን የትኛውን እንደምሆን ለመማል አልደፍርም።

በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ዣንግ በሚሠሩበት የሻንጋይ የሕክምና ማዕከል ላቦራቶሪያቸውን ለቀው እንዲወጡ ተነገራቸው። ማዕከሉ ለደኅንነት ሲባል ሊታደስ ነው፥ ሌላ ቦታም ሰጥተናል አለ፤ እርሳቸው የተሰጠን ቦታ ለሥራችን አይበቃም አሉ። በሩ ስለ ተዘጋባቸውም ከደጁ ላይ ተኝተው አደሩ፤ ፎቶግራፋቸውም በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ለጊዜው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። በ2015ቱ ዕቅድ ላይ ከተቈጠሩት ዐሥር ሙያዎች ዐሥረኛው የመድኃኒትና የሕክምና ምርምር ነው።